ለቤትና ለሎጅ ባለቤቶች በድሮን መቅረጽ፦ የመጀመሪያውን የሚከፈልበት ሥራ ከመቀበል በፊት (ደሴ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ)

ሰኞ ገበያ፦
ሰላም ጀመዓ። ዲጄአይ ሚኒ 3 ድሮን ከሦስት ባትሪ ጋር አለኝ፣ ተመዝግቧል። ሁለት ሥራ ቀርቦልኛል። አንዱ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ነው። ለሽያጭ ነው የተፈለገው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ የሚያነጋግረኝ ደላላ ነው። ሁለተኛው ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ ነው፣ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ። ማብረሩን እችላለሁ። ያልገባኝ ውሉ፣ ዋጋው፣ የሚረከበው ነገርና የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ ነው። የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ይጻፍልኝ።

ጦሳ ጥግ፦
አብሽር፣ ሁለቱም የሚሠሩ ናቸው። ግን ከዋጋው በፊት ወረቀቱን እንይ። «ተመዝግቧል» ማለትና «እዚህ ቦታ ላይ ለዚህ ሥራ እንዲበር ተፈቅዷል» ማለት ለየብቻ ናቸው። የድሮን ፈቃድ የሚያልፈው በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በኩል ነው። በእጅህ ያለውን ወረቀት አውጣና ዓላማውን፣ ቦታውንና የሚያበቃበትን ቀን አንብብ። ከሥራው ጋር የማይገጥም ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክል፣ ቀብድ አትቀበል። ወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥርም ባትሪው ከሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ከተለጠፈው ጋር አንድ ፊደል ሳይዛነፍ መመሳሰል አለበት። ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ቀጥሎ የአካባቢው ፈቃድ። እኛ ዘንድ ዛሬ ድሮን ሲባል ሰው ቶሎ የሚታሰበው ካሜራ አይደለም። ከላይ ድምፅ ሲሰማ ልጇን ወደ ቤት የምትጎትት እናት አለች፣ እውነትም አላት። ስለዚህ ከበረራው ሦስት ቀን ቀደም ብለህ ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ በጽሑፍ አሳውቅ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማን እንደሚያበር ከስልክ ቁጥሩ ጋር፣ የድሮኑ ተከታታይ ቁጥር፣ የፈቃዱ ቅጂ፣ ቤቱ ያለበት ቦታ፣ ቀኑና ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ትልቁ ከፍታ፣ የባለቤቱ የስምምነት ደብዳቤ። ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድና አንዱ ላይ የገቢ ማህተም አስመታ። «ችግር የለም፣ ሥራህን ሥራ» የሚል የስልክ ፈቃድ የሰጠህ ሰው ስልኩን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በዕለቱ ጠዋትም ደግመህ ደውል። የጸጥታው ነገር አይመችም ካሉህ ሥራው ይቀራል እንጂ «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚባል ልመና የለም።

ጎረቤትም አለ። በዋዜማው የጥበቃው ሰው ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች እያንኳኳ ይንገር። አንተ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ አንጸባራቂ ጃኬት ለብሰህ ሰው በሚያይህ ቦታ ቁም። ግንብ ተደግፎ የሚያበር ሰው ደህና ነገር የሚሠራ አይመስልም።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ከመጣልህ የአውሮፕላን ማረፊያው ለከተማው በጣም ቅርብ መሆኑን አትርሳ። የማብረሪያው መተግበሪያ አላገደኝም ማለት ተፈቅዶልኛል ማለት አይደለም። ለዚያ አካባቢ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ በእጅህ ከሌለ አትነካው። ካምፕ፣ ማረሚያ ቤት፣ የመብራት ሰብስቴሽን በፍሬሙ ጥግ እንኳ የሚገባ ከሆነ ማዕዘኑን ቀይር።

ወይዘሮ ውል፦
እኔ ስለ ደላላው ልናገር። ከደላላ ጋር ዋጋ ተነጋገር፣ ውል ግን ከባለቤቱ ወይም ከሕጋዊ ወኪሉ ጋር ብቻ። ወኪል ነኝ የሚል ውክልናውን ያሳይ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ ያለው ስምና የባለቤቱ መታወቂያ ይመሳከር። ባለቤቱ ሳያውቅ ቤቱ ለሽያጭ ሲዞር ይታያል፣ ወንድማማቾች በውርስ የሚካሰሱበት ቤትም አለ፤ ቪዲዮው ላይ ያንተ ስም ካለ ጠሪው አንተን ነው የሚጠራህ። ውጭ አገር ላለ ባለቤት አጭር የቪዲዮ ጥሪ ይበቃል፣ ከዚያ ስምምነቱን በቴሌግራም በጽሑፍ ላክለትና «ተስማምቻለሁ» ብሎ ከነሙሉ ስሙ ይመልስልህ። ይህን ቀድተህ ተጠቀም፦

«በ(ቀን) በ(ቦታ) የሚገኘውን ቤቴን/ድርጅቴን በድሮን ለመቅረጽ ተስማምቻለሁ። የምረከበው፦ አንድ የ75 ሰከንድ አግድም ቪዲዮ፣ አንድ የ30 ሰከንድ ቁም ቪዲዮ፣ 12 የተስተካከሉ ፎቶዎች። ማስተካከያ እስከ 2 ጊዜ፣ ከዚያ በላይ በተጨማሪ ክፍያ። ዋጋ (…) ብር፣ ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ዋናው ፋይል ከመላኩ በፊት። ዝናብ፣ ኃይለኛ ንፋስ ወይም የጸጥታ ክልከላ ካለ ቀኑ ያለ ቅጣት ይዛወራል። ቀራጩ ሥራውን ለማስታወቂያ ማሳየት (ይችላል/አይችልም)።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለላት። ለሽያጭ የወጣ ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ ቤቱ በሌላ ገጽ እንዲታይ አይፈልግም።

ሰው ፊቱ ለይቶ ከታየ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሎጁ ውስጥ እንግዳ ካለ አስፈቅድ፣ ካልሆነ ማንም ባልተነሳበት ሰዓት ቅረጽ። የጎረቤት ግቢ ውስጥ ልብስ የምታጠብ ሴት ካለች ያ ቁራጭ ይጣላል፣ ውበቱ ምንም ይሁን።

ሰኞ ገበያ፦
እህቴ አላህ ይስጥልኝ፣ ይህን ሳላውቅ ደላላውን እሺ ልለው ነበር። ቤቱ ዳገት ላይ ነው፣ ከኋላው ባሕር ዛፍ አለ። በዚያ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ቁልቁለት፦
ደሴ ላይ ድሮን የሚሰበረው ባብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ስክሪኑ ላይ ያለው ከፍታ የሚለካው ከተነሳበት ነጥብ እንጂ በዚያች ደቂቃ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። ከታች ከአስፋልቱ ዳር አነሳኸው እንበል። ቤቱ ከአስፋልቱ 50 ሜትር ከፍ ይላል። ከቤቱ ኋላ ያለው ባሕር ዛፍ 25 ሜትር ነው። ስክሪኑ 75 ሲል አንተ በሰማይ ነኝ ብለህ ታስባለህ፣ ድሮኑ ግን የዛፉ ጫፍ ላይ ነው። ወደ ተነሳበት መመለሻው ከፍታ፣ አርቲኤች የሚሉት፣ 60 ላይ ተቀምጦ ከሆነና ግንኙነት ከተቋረጠ ከዚያ በታች ያለ ድሮን ወደ 60 ይወጣና ቀጥታ ወደ ዛፉ ይሄዳል። ሚኒ 3 ከሥሩ ካልሆነ በቀር ፊት ለፊትና ጎን የሚያይ ዳሳሽ የለውም፤ ሳያቆም ይገባል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በተቻለ መጠን ከግቢው ከፍተኛ ቦታ ተነሳ፤ ወደ ታች ሲወርድ ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆኑ ችግር የለውም። ሁለተኛ፣ አርቲኤችን በዕለቱ ከሚበርበት ክልል ውስጥ ካለው ከሁሉ ረጅም ነገር ቢያንስ 20 ሜትር አስበልጠህ አስቀምጥ፣ የዳገቱን ልዩነት ደምረህ። ከላይ ባለው ምሳሌ 50 + 25 + 20፣ ማለትም 95 ነው። በየቦታው እንደ አዲስ ይሰላል፤ የትናንቱን ቁጥር ይዞ የሚዞር ሰው ዛፍ ላይ ድሮን ሲፈልግ ይውላል።

ባትሪው ላይ ደግሞ ካርቶኑ 38 ደቂቃ ይላል። ያ ንፋስ በሌለበት፣ በዝቅታ አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ እዚያው ለመንሳፈፍ ሞተሩ ከ12 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ንፋሱንና የሚተርፈውን 30 በመቶ ስትቀንስ በባትሪ 20 ደቂቃ ብቻ ቁጠር። ሦስቱ 60 ደቂቃ ናቸው፣ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ባትሪውን ጃኬትህ ውስጥ ይዘህ ሂድ፤ ቀዝቃዛ ባትሪ 60 በመቶ እያሳየ ድንገት ይወርዳል። ከተነሳ በኋላ 3 ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ አቁመው፣ ይሙቅ።

ጦሳ ጥግ፦
ቁልቁለት የዘለላት አንዲት ነገር አለች፣ ፌሮ። ያላለቀ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ የኮለን ፌሮ ቀጥ ብሎ በቆመበት ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ላይ ድሮን አስቀምጠህ ስታበራ ኮምፓሱ ይዛባል። «ኮምፓስ ካሊብሬት አድርግ» (አቅጣጫ መለኪያውን እንደገና አስተካክል) የሚለው መልእክት ሲመጣ እዚያው ካሊብሬት ታደርገዋለህ፣ የተሳሳተውን ትክክል ብለህ ታስለምደዋለህ፣ 10 ሜትር ሲወጣ ራሱን እየዞረ ይንሸራተታል። መልእክቱ ሲመጣ ቦታ ቀይር እንጂ ካሊብሬት አታድርግ። ያለው ቦታ ያ ብቻ ከሆነ የፕላስቲክ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠህ በላዩ አስነሳው፣ ከፌሮው በተቻለ ሁሉ አርቀህ።

ሽቦ፦ የመብራት መስመር ከግቢው በር ወደ ቤቱ የሚገባበትን አቅጣጫ በእግር ዞረህ እየው። ስክሪን ላይ አይታይም። ምሰሶውን ፈልግ፣ ሁለት ምሰሶ ካለ በመካከላቸው ሽቦ አለ ብለህ ቁጠር።

ጭልፊት፦ ገበያና ቄራ አካባቢ በዝቶ ይገኛል። ወደ ድሮኑ ከመጣ ወደ ጎን አትሽሽ፣ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ውጣ፤ ወፉ ቀጥ ብሎ ለመውጣት ይከብደዋል። መሬቱ ሞቆ አየሩ መነሳት ሳይጀምር፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ከጨረስክ አብዛኛውን ጊዜ አታገኘውም።

ብርሃነ ሌንስ፦
ስለ ካሜራው። ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ኤንዲ 16 (ብርሃኑን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር) ግጠም፣ አለቀ።

አራት አይና፦
ወንድሜ ብርሃነ፣ ኤንዲ 16 ለሚኒ 3 በቀን አይበቃም። ሒሳቡን እየው። በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ላይ ትክክለኛው ሻተር 1/100 ነው። የሚኒ 3 ሌንስ ኤፍ 1.7 ላይ የተቆለፈ ነው፣ ያ ከኤፍ 16 ስድስት ተኩል ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ይበልጣል፣ ስለዚህ ያለ ፊልተር ሻተሩ 1/9000 ይጠይቃል። ካሜራው የሚደርሰው እስከ 1/8000 ነው። በኤንዲ 16 ገና 1/560 ላይ ነህ። ኤንዲ 64 ወደ 1/140፣ ኤንዲ 256 ወደ 1/35 ያወርድሃል። ስለዚህ ቀትር አካባቢ 256፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል 64፣ ደመና ሲሆን 16። ፎቶ ስታነሳ ፊልተሩን አውጣው።

ብርሃነ ሌንስ፦
ልክ ነህ። እኔ ያልኩት ለሚኒ 2 ቢሆን እንኳ፣ ኤፍ 2.8 ስለሆነ፣ 64 ነው የሚሆነው። ተቀብያለሁ።

አራት አይና፦
ከሁሉ በላይ ቆርቆሮው ነው የሚያስቸግረው። አዲስ ቆርቆሮ በፀሐይ ፊት መስታወት ነው፣ ጣሪያው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። ዚብራውን (ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየውን) አብራና ጣሪያው ላይ ሰረዙ እስኪጠፋ ድረስ ብርሃኑን ቀንስ፣ ግድግዳውን በኤዲት ታነሳዋለህ። የተቃጠለ ጣሪያ ግን በምንም አይመለስም። ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) 5500 ላይ ቆልፍ፣ በአውቶ ከተውከው ድሮኑ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሲዞር ቀለሙ መሃል ላይ ይቀየራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ያንተ ቤት ጦሳ ሥር ነው ብለሃል። ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ሌላ ሰው «የማታው ወርቃማ ብርሃን» ቢልህ አትስማው፣ የዚያ ሰፈር ወርቅ ጧት ነው። ጧት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ቤት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ያምራል።

ቁልቁለት፦
የቀረጻው ከፍታ ላይ ልጨምር፣ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው። ሁሉም 80 ሜትር ወጥቶ ጣሪያ ይቀርጻል። ገዢ ጣሪያ አይገዛም። የጂ+2 ቤት ውበት ከ8 እስከ 14 ሜትር መካከል ነው፣ ካሜራው ሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ትይዩ ሲሆን። ሲኒ ሞድ (ድሮኑ ቀስ ብሎ የሚበርበት) ላይ አድርገህ በሰከንድ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ሂድ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ስትጀምርም ስትጨርስም 5 ሰከንድ ቆመህ ያዝ፣ ለኤዲት መቁረጫ ነው። ወደ ፊት እየሄድክ ካሜራውን ወደ ላይ የምታነሳበት አንድ ቁራጭ፣ ከጥግ ወደ ጥግ የሚንሸራተት አንድ፣ ግማሽ ክብ የሚዞር አንድ በቂ ናቸው። ሙሉ ክብ አትዙር፣ የኋላው ግድግዳ ልስን ካልተለሰነ ራስህ ታሳየዋለህ።

ለሽያጭ ከሆነ ሁለት ቁራጭ አይቀሩም። አንደኛው ከዋናው አስፋልት ተነስቶ ሳይቆረጥ እስከ ግቢው በር የሚደርስ፤ ውጭ ያለ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መኪና ይገባል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይበት። የሚኒ 3 ቪዲዮ የሚይዘው ወርድ የከፍታው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው፦ 40 ሜትር ላይ 60 ሜትር በ34 ሜትር የሚሆን መሬት ታያለህ። በላዩ ላይ ቀይ መስመር አስምረህ «ይዞታው ይህ ነው» አትበል። ድንበር የሚያረጋግጠው የመሬት አስተዳደሩ ነው፣ ያንተ መስመር ግማሽ ሜትር ከተሳሳተ የጎረቤት ክርክር ውስጥ ገብተሃል።

ከመምጣትህ በፊት ለጥበቃው ንገረው፦ መኪናው ከግቢ ይውጣ፣ የተሰጣ ልብስ ይነሳ፣ የሲሚንቶ ከረጢትና የተረፈ ብሎኬት ይጠረግ፣ የሮቶው ክዳን ይዘጋ፣ ውሻው ይታሰር። በኤዲት የማይጠፋ ነገር በመጥረጊያ በአሥር ደቂቃ ይጠፋል።

ሐይቅ ዳር፦
ለሎጁ እኔ ልመልስ። ውሃ ላይ ከሥሩ ያለው ዳሳሽ ይታለላል፣ ማዕበሉ ሲንቀሳቀስ ድሮኑ እኔ ነኝ የምንሸራተተው ብሎ ያስብና ይሄዳል። ከ5 ሜትር በታች አትውረድ። ከጀልባ ላይ አታስነሳ፣ ጀልባው ሲንሳፈፍ መነሻ ነጥቡ እዚያው ውሃ ላይ ይቀራል፣ አርቲኤች ሲጫን ድሮኑ ውሃው ላይ ያርፋል። ጧት ውሃው ዝም ባለበት ሥራ፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ወደ ውሃው የሄደው በቀላሉ ይሄዳል፣ መመለሻው ላይ ነው ባትሪ የሚያልቀው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ንፋሱን ፊት ለፊት ገጥመህ ሂድ፣ ስትመለስ ይገፋህ።

የእስጢፋኖስን ገዳም ለጀርባ ምስል አትጠቀምበት፣ የገዳሙ አስተዳደር በጽሑፍ ካልፈቀደ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ ቦታ ላይ፣ መነኮሳት በጸሎት ሰዓት፣ የሎጅ ማስታወቂያ አይቀረጽም።

ወይዘሮ ውል፦
ዋጋው። አንዳንዱ «የመጀመሪያውን በነጻ ሥራ» ይልሃል። አልስማማም። በነጻ የሠራህለት ሰው ለሁለተኛው ደንበኛ የሚነግረው «በነጻ ይሠራል» ብሎ ነው። መቀነስ ከፈለግህ ዋጋውን ሳይሆን የሚረከበውን ቀንስ፦ ቪዲዮ ቀርቶ 8 ፎቶ ብቻ።

ስሌቱ እንዲህ ይሁን፣ ቁጥሮቹ ማሳያ ናቸው፣ የራስህን ተካባቸው። ድሮኑ ከነባትሪውና ፊልተሩ 160,000 ብር ወጣበት እንበል። በ200 ሥራ ይመለስ ካልክ በሥራ 800 ነው። ለኮምፒውተሩ 200። ጉዞ፣ የረዳት ምሳ፣ የስልክ ካርድ 1,000። ሰዓትህን ቁጠር፦ ቦታ ማየት 1፣ ቀረጻ 3፣ ኤዲት 6፤ በሰዓት 300 ካልክ 3,000። ድምሩ 5,000። ዝናብ ሆኖ ሁለተኛ ቀን ብትመለስ የሚሸፍን 20 በመቶ ጨምር፣ 6,000። ከዚህ በታች ሲጠይቁህ ከኪስህ እየከፈልክ መሆኑን ታውቃለህ። ደላላው ኮሚሽን ካለው ባለቤቱ ይክፈለው፣ ካንተ ዋጋ ላይ አይቆረጥ። ሎጅና ሆቴል ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ ንግድ ፈቃድና ቲን ሳይኖርህ ከድርጅት ጋር ውል አትግባ፤ ያለ ቲን የሚቀነሰው ግብር ከባድ ነው።

አራት አይና፦
ማስረከቢያው ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ቴሌግራም ላይ በተራ ቪዲዮ ከላክኸው ይጨምቀዋል፣ ሰማዩ በትንንሽ ካሬ ይሞላል፣ ባለቤቱ «ካሜራህ ደካማ ነው» ይላል። «እንደ ፋይል ላክ» የሚለውን ምረጥ። ኔት ካልቻለ በፍላሽ አድርስ። ክፍያው ሳያልቅ የምትልከው ናሙና ስምህ በመሃሉ የተጻፈበትና በዝቅተኛ ጥራት ይሁን። ለቲክቶክ የሚሆነውን ቁም ቪዲዮ ከአግድሙ አትቁረጠው፤ ሚኒ 3 ካሜራውን አዙሮ በቁም ይቀርጻል፣ እዚያው ቦታ ላይ ሦስት አራት ቁራጭ ለብቻ ያዝ።

ካርዱ ቪ30 (የፍጥነቱ ምልክት) የተጻፈበት 64 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ 4ኬ በደቂቃ እስከ 750 ሜጋባይት ይይዛል፣ 64ቱ 80 ደቂቃ ገደማ ነው። ባትሪዎቹን በዋዜማው ምሽት ሙላ፣ ጧት መብራት ይኖራል ብለህ አትተማመን። መሙያው ሦስቱን በአንድ ጊዜ አይሞላም፣ በተራ ነው፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

ሰኞ ገበያ፦
ባለቤቱን በቪዲዮ አገኘሁት፣ ቤቱን መሸጥ ቀርቶ አንድ ፎቅ ሊጨምርበት እንደሆነ ነገረኝ፤ ደላላው ይህን አላወቀም። በየወሩ ግንባታው የደረሰበትን እንድልክለት ይፈልጋል። ይህኛውስ?

ቁልቁለት፦
ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ሥራ ነው። መነሻ ቦታህን በቀለም መሬት ላይ ምልክት አድርግበት። አምስት ነጥብ ምረጥ፦ አራቱ ጥግና አንዱ ከላይ። የእያንዳንዱን ከፍታ፣ ከመነሻው ርቀት፣ የካሜራ ማዘንበያ ዲግሪና አቅጣጫ በደብተር ጻፍ፣ ስክሪኑ ሁሉንም ያሳይሃል። በየወሩ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሂድ፤ ሰዓቱ ከተለየ ጥላው ይለወጥና ባለቤቱ የቆመውን ኮለን ከጥላው መለየት ይቸግረዋል። ቪዲዮ ብዙም አያስፈልገውም፣ 10 ፎቶ ይበቃዋል። ፌሮው ሲታሰር፣ ሶሌታው ሳይሞላ በፊት ተጨማሪ አንድ ቀን አስይዝ፣ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ማንም የማያየው ያን ነው። ፋይሉን ስትሰይም ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና የነጥቡን ቁጥር በቅደም ተከተል ጻፍ። ካርዱንም ባለቤቱ ከፍቶ አይቶ «ደርሶኛል» ሳይልህ ፎርማት አታድርገው።